አንዱ ዝሆኔና ብዙዎቹ ስሞቹ፦ የእግር እብጠት ስያሜ ታሪክ ከጎጃም ደጋ አንጻር

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ አነደድና ወደ ደምበጫ በሚወስዱት መንገዶች ላይ በገበያ ቀን የሚያልፈውን ሕዝብ ያስተዋለ ሰው፣ ከጉልበቱ በታች እግሩ አብጦ ቆዳው የሻከረ ገበሬ ወይም የቤት እመቤት ማየቱ አይቀርም። የአገሩ ሰው ለዚህ ሕመም አንድ ስም አለው፤ ዝሆኔ ይለዋል። ስሙ የተወሰደው ከዝሆን እግር ነው፤ የሚናገረውም ስለ መልኩ ብቻ እንጂ ስለ መንሥኤው አይደለም። ታማሚው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ሙያውን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታማሚውን ካርድ የሚሞላውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ዝሆኔ የሚለውን አንድ ቃል ሰምቶ ከበርካታ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ኤለፋንታያሲስ፣ ፊላርያሲስ፣ ሊምፌዲማ፣ ሞሲ ፉት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፤ እነዚህ ሁሉ ለዚሁ ለአንድ እብጠት ሲጻፉ የኖሩ ስሞች ናቸው።

ላይ ላዩን ሲታዩ እነዚህ ቃላት አንዱ በሌላው ሊተካ የሚችል ይመስላል። በእርግጥም በብዙ የሕክምና መዝገቦች ውስጥ እየተቀያየሩ ሲጻፉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቃል በውስጡ የያዘው ነገር የተለያየ ነው። ኤለፋንታያሲስ መልክን ይገልጻል፤ ፊላርያሲስ ትልን ይከሳል፤ ሊምፌዲማ በቆዳ ሥር የታጎረውን የሊምፍ ፈሳሽ ያመለክታል፤ ሞሲ ፉት በቆዳው ላይ የወጣውን ሽበት መሰል ሸካራ ነገር ያያል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ አፈርን ይጠራል። ካርዱ ላይ የሰፈረው ስም ቀጥሎ የሚታዘዘውን ምርመራ፣ የሚሰጠውን መድኃኒትና ለቤተሰቡ የሚነገረውን ምክር ስለሚወስን፣ ልዩነቱ የሰዋስው ወይም የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። የጎጃም ደጋ ታማሚዎች ለብዙ ዓመታት የኖሩት በተሳሳተ ስም ሥር ነው፤ ይህ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል።

የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ኤለፋንታያሲስ ሲሉ ያሰቡት ያበጠ እግርን አልነበረም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ሮማዊው ኬልሱስም ሆነ የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬታዮስ በዚህ ቃል የገለጹት ዛሬ ሥጋ ደዌ የሚባለውን ሕመም ነው፤ የታማሚው ቆዳ እንደ ዝሆን ቆዳ ወፍሮና ተጨማዶ ይታያልና። በዚያው ዘመን ሌፕራ የሚለው ሌላው የግሪክ ቃል የሚላጥና ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ ሕመም ስም ነበር። በዐረብኛ የጻፉ ሐኪሞች ግን ሁለት ነገሮችን በሁለት ስም ለይተው ጠሩ፤ ሥጋ ደዌን ጁዛም አሉት፤ ያበጠውን እግር ደግሞ ዳእ አል ፊል፣ ማለትም የዝሆን በሽታ አሉት። ችግሩ የተፈጠረው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊው የመሳሰሉ ተርጓሚዎች የዐረብኛውን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲመልሱ ነው። ጁዛም ሌፕራ ተባለ፤ ዳእ አል ፊል ደግሞ ቃል በቃል ተተርጉሞ የዝሆንን ስም ያዘ። በዚህም ምክንያት ኤለፋንታያሲስ የሚለው ቃል በግሪክ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ሕመም፣ ከዐረብኛ በተመለሱት መጻሕፍት ውስጥ ሌላ ሕመም ሆነ። የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት የግሪኮች ኤለፋንታያሲስና የዐረቦች ኤለፋንታያሲስ እያሉ ለመለየት ተገደዱ።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ ሊደነቅ አይገባውም፤ በአገሩም ተመሳሳይ ነገር ተከስቷል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ የተጠቀሰውን የዕብራይስጡን ሕመም የግሪኩ ትርጉም ሌፕራ ብሎታል፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ለምጽ ተብሏል። ንዕማንም ለምጻም ነው የተባለው። ዛሬ በጎጃምም ሆነ በአዲስ አበባ ለምጽ ሲባል የሚታሰበው ቆዳው በየቦታው ነጭ እየሆነ የሚሄድበት፣ ሕመም የሌለውና የማይተላለፍ የቆዳ ለውጥ ነው። ሥጋ ደዌ የራሱን ስም ይዟል። ነገር ግን በመጽሐፉ ለምጽ የተባለው ሰው ከሰፈር የሚወጣ፣ ርኩስ ነኝ እያለ የሚጮህ በመሆኑ፣ ይኸው ቃል ዛሬ ለምጽ በወጣባቸው ሰዎች ላይ የማይገባቸውን ጥላ ሲጥል ይታያል። ቃል ከአንዱ ሕመም ወደ ሌላው ሲሻገር የቀድሞውን ፍርሃት አብሮ ይዞ ይሄዳል።

ኤለፋንታያሲስ ለእግር እብጠት ብቻ የሚያገለግል ቃል ሆኖ የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ኖርዌያዊው ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ካገኘ በኋላ ያ ሕመም የራሱን መንሥኤ ይዞ ተለየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ በቻይና ወደብ በአሞይ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊ ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን ፊላርያ የተባለው ትል በትንኝ አካል ውስጥ እንደሚያድግ አሳየ። ይህ ግኝት ታላቅ ነበር፤ በነፍሳት ስለሚተላለፉ በሽታዎች ያለውን ዕውቀት መንገድ ያስጀመረ ነው። ነገር ግን ያላሰበውን ጉዳትም አስከተለ። ከዚያ ወዲህ በሐሩር አገር ያበጠ እግር ያየ ሐኪም ሁሉ ፊላርያን ማሰብ ጀመረ። ኤለፋንታያሲስና ፊላርያሲስ አንድ ትርጉም ያላቸው ያህል ተቆጠሩ። አንደኛው የመልክ ስም፣ ሁለተኛው የመንሥኤ ስም መሆኑ ተረሳ።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲመጣ ከመሬቱ ጋር አልተስማማም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከኋላዋ ያለው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ብርድ ውስጥ ፊላርያ በትንኝ አካል ውስጥ አድጎ ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። ሆኖም ያበጠው እግር የሚበዛው በቆላው ሳይሆን በደጋውና በወይና ደጋው ነበር። ኦመን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያ 56 ገበያዎች የተሰበሰበውን ሕዝብ እግር በማየት ቆጥሮ፣ እብጠቱ ያለባቸው 2.7 ከመቶ ያህል ሆነው አግኝቷቸዋል። ገበያ መውጣት የማይችለው ታማሚ በዚህ ቆጠራ ውስጥ እንደማይገባ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከደጋ ታማሚዎች የተወሰደው ደም ሲመረመርም የፊላርያ እጭ አልተገኘበትም።

ከእርሱ በኋላ ጥያቄውን አጥብቆ የያዘው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና ልምድ የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ፕራይስ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ እብጠቱ የሚገኝበትንና የማይገኝበትን አካባቢ ለየ፤ የአፈሩን ዓይነት፣ የዝናቡን መጠንና የከፍታውን ልክ አስተያየ። ያገኘው ነገር ግልጽ ነበር። ሕመሙ የተከተለው ትንኝን ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር፣ ብዙ ዝናብና ባዶ እግር የሚሄድ ገበሬን ነው። ባዶ እግር ከመሄድ ጋር ማያያዝ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ ጓቲማላዊው ሐኪም ሮብሌስ እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር። የሚገርመው ግን ሮብሌስ የሰጠው ስም ሐሰተኛ ሥጋ ደዌ የሚል ትርጉም ያለው መሆኑ ነው። የግሪኮቹና የዐረቦቹ መደናገር ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላም አልለቀቀም ነበር።

አሁን ጥያቄው ይህን ሕመም በእንግሊዝኛ ምን ብሎ መጥራት ይገባል የሚል ሆነ። የመጀመሪያው መልስ ነን ፊላርያል ኤለፋንታያሲስ፣ ማለትም በፊላርያ ያልመጣ ዝሆኔ የሚል ነበር። ይህ ስም ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚናገረው ሕመሙ ምን እንዳልሆነ ብቻ ነው። አንድን ሰው የእገሌ ልጅ አይደለም ብሎ እንደ መጥራት ያለ ነው። ኢዲዮፓቲክ የሚለው ቅጽልም ሲጨመር ታይቷል፤ ይህ ቃል በግሪክኛው ራሱን የቻለ ሕመም ማለት ቢሆንም በሐኪሞች አነጋገር መንሥኤው ያልታወቀ ማለት ሆኖ ቀርቷል። መንሥኤው ያልታወቀ የተባለ ሕመም ደግሞ መከላከያ አይፈለግለትም። ሞሲ ፉት የሚለው ስም በበኩሉ ለጆሮ የቀለለና የታማሚውን እግር በዓይነ ኅሊና የሚያሳይ ነው፤ በወላይታ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመው የታማሚዎች መርጃ ማኅበርም በእንግሊዝኛ ስሙን በዚህ ቃል ሰይሟል። ይሁንና ይኸው ቃል በላቲን አሜሪካ በፈንገስ ለሚመጣ ፍጹም ሌላ የቆዳ ሕመም ሲያገለግል ቆይቷል። ከዚህም በላይ ሽበት መሰሉ ምልክት ሕመሙ ከሥር ከሰደደ በኋላ ጎልቶ የሚታይ ስለሆነ፣ ስሙን የያዘ ባለሙያ ገና በመጀመሩ ላይ ያለውን፣ ማታ ማታ ብቻ የሚያብጠውንና የሚያቃጥለውን እግር ሊያልፈው ይችላል።

ፕራይስ በ1980ዎቹ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም አወጣ። ቃሉ የተሠራው እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት ነው። አብነቱም በማዕድን ቆፋሪዎች ሳንባ ላይ አቧራ ለሚያስከትለው ሕመም የተሰጠው ኒሞኮኒዮሲስ የሚለው ስም መሆኑ ከአሠራሩ ይታያል። ሐሳቡ ያለ ማስረጃ አልቀረበም፤ በታማሚዎቹ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ የሲሊከንና የአሉሚኒየም ጥቃቅን ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ታይተዋል። ፕራይስ ሥራውን ጠቅልሎ በመጽሐፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ በርዕሱ ላይ አዲሱን ስም አስቀድሞ አሮጌውን ነን ፊላርያል ኤለፋንታያሲስን ከሥሩ አስከትሎታል። አዲሱ ቃል ለማያውቀው አንባቢ ድልድይ ማስፈለጉን ያወቀ ይመስላል። ቃሉ ከባድ ነው፤ ለምላስም አይመችም። ግን ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ስሙን የሰማ ባለሙያ ወዲያው ስለ ጫማ ለመጠየቅ ይገደዳል።

የጎጃም ደጋ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሰፊው የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በምሥራቅ ጎጃም በደብረ ኤልያስና በምዕራብ ጎጃም በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት በተደረገ ቆጠራ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 51,017 ሰዎች መካከል 1,704 ታማሚዎች፣ ማለትም 3.3 ከመቶ መገኘታቸውን ገለጸ። አብዛኞቹ ታማሚዎች በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ። ሕክምና የፈለጉትም እብጠቱ ከጀመራቸው በአማካይ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በዚያ አገር ገበሬ በእርሻና በአረም ጊዜ ጫማ አያደርግም፤ ጭቃው ጫማ ይይዛል፣ ጫማውም ለገበያና ለበዓል ይቀመጣል። ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማና ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ በየገበያው ቢሸጡም፣ የመጀመሪያው እግሩን ያልባል፣ ሁለተኛው ከላይ ክፍት ስለሆነ አፈሩን አይከለክልም። ታማሚው አንዴ ካበጠ በኋላ ደግሞ ከእግሩ ልክ የሚገጥም ጫማ በገበያ አያገኝም። ስለዚህ ጫማ አድርግ የሚለው ምክር ብቻውን ሲሰጥ ለብዙ ታማሚዎች እንደ ፌዝ ይሆናል።

ስሙ መለየቱ በአገር አቀፍ ደረጃ ምን እንዳመጣ ከዓመታቱ ቅደም ተከተል መረዳት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር የጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው የእነዚህ በሽታዎች ማስተር ፕላን ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ በስሙ ገባ። በዚያው ዓመት በመላ አገሪቱ 1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች ሲጠኑ፣ ፊላርያሲስ በደም ምርመራ፣ ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ ሌሎች መንሥኤዎችን በማስወገድ ተለይተው ተመዘገቡ፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሆኑት ሰዎች 4 ከመቶው ፖዶኮኒዮሲስ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚህ መረጃ የተሠላው የታማሚዎች ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ሁለቱ በአንድ ስም ሥር ቢቀሩ ኖሮ የፊላርያ መድኃኒት በጅምላ የሚታደልበትን ወረዳ ከማይታደልበት መለየት አስቸጋሪ ይሆን ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ይገባል። የሐሩር አገር የሚለው አነጋገር በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ቆላን ያስታውሳል፤ ፖዶኮኒዮሲስ ግን የደጋ ሕመም ነው። በጮቄ ሥር ብርድ ልብስ ደርቦ የሚተኛ ገበሬ የሐሩር አገር በሽታ አለብህ ቢባል ሊገባው አይችልም።

ይህ ማለት ግን የጎጃም ባለሙያ ፊላርያሲስን ከአእምሮው ያውጣ ማለት አይደለም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በጋምቤላ ቆላ ፊላርያሲስ አለ፤ ከጎጃም ደጋም ብዙ ሰው ለወቅት ሥራ ወደ ቆላ ይወርዳል። በመሆኑም ታማሚው የት እንደኖረ መጠየቅ፣ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ማየት ያስፈልጋል። በፖዶኮኒዮሲስ እብጠቱ ከእግር መዳፍና ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ መጠናቸው ግን እኩል አይሆንም፤ ከጉልበት በላይም እምብዛም አያልፍም። በወንዶች የዘር ፍሬ ከረጢት ላይ ውኃ መቋጠር ወደ ፊላርያሲስ ያመለክታል። የስሜት መጥፋት ካለ ደግሞ ሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት። ሊምፌዲማ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጥሩ አገልግሎት አለው፤ መንሥኤው ገና ባልታወቀበት ሰዓት ምንም ሳይከስስ ያየውን ብቻ ይናገራልና። ምርመራው ካለቀ በኋላ በዚያው ቃል መቆም ግን የሥራ ጉድለት ነው።

ተቀራራቢ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚያደርሱት ጉዳት ከሁሉ የሚጎላው መተላለፍን በሚመለከት ነው። እንግሊዝኛው ኢንፌክሺየስ፣ ኮንቴጂየስና ኮሚውኒኬብል የሚሉ ሦስት ቃላት አሉት። የመጀመሪያው በተሕዋሲያን የሚመጣ ማለት ነው፤ ሁለተኛው በንክኪ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገር፤ ሦስተኛው በማንኛውም መንገድ፣ በትንኝም ቢሆን፣ የሚዛመት። ፊላርያሲስ የመጀመሪያውና ሦስተኛው ነው፤ ሁለተኛው አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም አይደለም። አማርኛው ለሦስቱም ተላላፊ የሚል አንድ ቃል ይሰጣል፤ ሕዝቡም ተላላፊ ሲባል የሚረዳው አብሮ መብላትንና አብሮ መተኛትን ነው። ኤለፋንታያሲስ ፊላርያሲስ ነው፤ ፊላርያሲስ ኢንፌክሺየስ ነው፤ ኢንፌክሺየስ ተላላፊ ነው ብሎ የሄደ ባለሙያ በሦስት እርምጃ ታማሚውን ከማዕድ ያስለየዋል። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በወላይታ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ የሚበልጡት ሕመሙ ተላላፊ ነው ብለው እንደሚያምኑ አሳይቷል። መንደርተኛው የሰማውን ቢደግም ሊወቀስ አይችልም።

ሁለተኛው ቃል ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ ታማሚዎች በተወሰደ ናሙና የተሠራ ጥናት በሽታ የመከላከል አቅምን ከሚመሩት ጂኖች መካከል አንዳንዶቹ ለፖዶኮኒዮሲስ እንደሚያጋልጡ አመለከተ፤ ከዚያ ቀደም ሲል የወንድማማቾችና የእኅትማማቾች ጥናት የውርስን ድርሻ 63 ከመቶ አድርሶት ነበር። እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ሄሬዲተሪ ከማለት ይቆጠባል፤ የሚጠቀመው ሰሴፕቲቢሊቲ የሚለውን ነው፤ ተጋላጭነት ማለት ነው። የሚወረሰው ሕመሙ ሳይሆን ለአፈሩ የመሸነፍ ዝንባሌ ነው፤ ጫማ ያደረገ የታማሚ ልጅ ሊታመም አይገባውም። ይህ በጎጃም የዘር በሽታ ነው ተብሎ ከተተረጎመ ግን ትርጉሙ ሌላ ይሆናል። የዘር በሽታ የተባለ ሕመም ያለበት ቤት ልጁን አይድርም፤ ሙሽራም አይመጣለትም። በሌላ በኩል በቤተሰብ አይሄድም ብሎ መካድም አያዋጣም፤ አያቱ፣ አባቱና እርሱ የታመሙበት ሰው ዓይኑ ያየውን አይክድም። አንዳንድ ሰው እግሩ ለቀይ አፈር ስስ ሆኖ ይወለዳል፤ ይህም ከወላጅ ሊመጣ ይችላል፤ ጫማና ውኃ ግን ያግደዋል የሚል አነጋገር ከሁለቱም የተሻለ ይመስላል። ረዥም ነው፤ ካርድ ላይ አይጻፍም፤ ሲነገር ግን ይገባል።

የሕመሙ ድንገተኛ መቀስቀስ ስምም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እግሩ በድንገት ይግላል፤ ይቀላል፤ ይታመማል፤ ብርድ ብርድ ይላል፤ ታማሚው ለቀናት አልጋ ላይ ይውላል። ከፊላርያ ሕክምና የተወረሰው የእንግሊዝኛ ስም አዴኖሊምፋንጃይቲስ ሲሆን፣ ነገሩን ከዕጢና ከሊምፍ ቧንቧ ያስጀምረዋል። በኋላ የተለመደው ዴርማቶሊምፋንጂዮአዴናይቲስ ደግሞ ተመሳሳይ ቃላትን ይዞ ቆዳን ከፊት ያስቀድማል። ልዩነቱ አንድ ክፍለ ቃል ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው የሚገባው በተሰነጠቀው ቆዳና በጣቶች መካከል ባለው ቁስል መሆኑን የሚናገረው ይህ ክፍለ ቃል ነው። ሕክምናውንም ከጤና ጣቢያው ፋርማሲ ወደ ታማሚው የውኃ ሳፋ ያወርደዋል።

ይህ ሐሳብ የተፈተነው በዚያው በጎጃም ነው። በምሥራቅ ጎጃም በአነደድ ወረዳ በ696 ታማሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመው ጥናት፣ እግርን በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ12 ወራት ውስጥ ለካ። እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲቀሰቀስባቸው፣ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ ተቀስቅሶባቸዋል። ቅነሳው ወደ 19 ከመቶ ይጠጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደነግጠው ቁጥሩ ራሱ ነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ታማሚዎች ከትዝታቸው ሲጠየቁ የተናገሩት በዓመት አምስት ጊዜ ገደማ ነበር። ቦታውና ታማሚው የተለያየ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በየጊዜው እየተከታተሉ ሲመዘግቡት ቁጥሩ ሃያ ገደማ ደረሰ። መቀስቀስ የሚለው ቃል ለታማሚው አልጋ ላይ የጣለውን ብቻ፣ ለመዝጋቢው ደግሞ የቀላውንም ሁሉ የሚያካትት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የማጥፋት ጥያቄ ነው። እንግሊዝኛው ኮንትሮል፣ ኤሊሚኔሽንና ኢራዲኬሽን ብሎ ሦስት ደረጃ ይለያል፤ መቆጣጠር፣ በአንድ አገር ውስጥ ማስወገድ፣ ከምድር ገጽ ማጥፋት። ኢትዮጵያ የዚህን ልዩነት ዋጋ በወባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የወባ መሥሪያ ቤት በስሙ ላይ ኢራዲኬሽን የሚለውን ቃል ይዞ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በ1955 የጀመረውን የማጥፋት ዘመቻ በ1969 ትቶ ወደ መቆጣጠር ተመለሰ። ፖዶኮኒዮሲስ ተሕዋስ የሌለው ሕመም ስለሆነ ከትል ወይም ከቫይረስ አንጻር የተሠራው መለኪያ በቀጥታ አይገጥመውም። ቀዩ አፈር ከጎጃም አይጠፋም። አዲስ ታማሚ እንዳይኖር ማድረግ ግን ይቻላል፤ ስለዚህ ኤሊሚኔሽን የሚለው ቃል ይመጥነዋል፤ ኢራዲኬሽን አይመጥነውም። በአማርኛ ሁለቱም ማጥፋት እየተባሉ ሲጻፉ ይታያል።

ታማሚው የሚጠይቀው ጥያቄ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያጠረ ነው። ይድናል ወይ ይላል። እንግሊዝኛው ኪዩር፣ ትሪት፣ ማኔጅ ብሎ ይከፋፍላል፤ መመሪያዎቹም ማኔጅመንት የሚለውን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥር የሰደደው እብጠት ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አይመለስምና። በአማርኛ ደግሞ መዳን ትልቅ ቃል ነው፤ ከጠበል የሚጠበቀውም፣ ከሐኪም የሚጠበቀውም እርሱ ነው። አይድንም የተባለ ታማሚ መታጠቡን ይተዋል። ይድናል የተባለውም ከወራት በኋላ እግሩን አይቶ ይተወዋል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያለ እብጠት በእንክብካቤ ሊመለስ ይችላል፤ የከረመው ይቀንሳል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ትኩሳቱም ይራራቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለደብረ ኤልያሱ ገበሬ ይህን በዝርዝር ስትነግረው፣ በካርዱ ላይ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የጻፈው ባለሙያ ቃሉን ለገበሬው መተርጎም አያስፈልገውም፤ ዝሆኔ የሚለውን የአገሩን ስም ትቶ፣ የአፈር ዝሆኔ ነው፣ የትንኝ አይደለም ብሎ አንድ ቅጽል ቢጨምርለት ይበቃዋል።